ዕቃው የታለ?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲጨርስ፣ ጋዜጠኝነት የተማርነውን እኛን «እናንተ መቼስ ቋንቋ ታውቃላችሁ» ብሎ ጽሑፉን እንድናይለት ለመነን። አየንለት። ከርዕሱ ውስጥ የገባን ቃል ቢኖር «ሙቀት» ብቻ ነበር። የቀረው በሙቀት እየተነዱ ስለሚርገበገቡ፣ ንዝረታቸውንም በገዛ ራሳቸው ሬዚስታንስ ስለሚናገሩ ኢምንት የሲሊከን ምላሶች ነው፤ ያውም በኮምፒውተር ላይ ብቻ። ሲሙሌሽን ይሉታል።

የመከላከያው ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጠን አዳመጥን። ጓደኛችን ባለቀለም ሥዕሎቹን አሳየ፤ ቀይ የጋለው፣ ሰማያዊ የቀዘቀዘው። ከፈታኞቹ አንዱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ግን ዕቃው የታለ?» አሉት። ዕቃው የለም። እሱ በሚማርበት ግቢ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠሩበት ክፍል አልነበረም። ጓደኛችን ዝም አለ። አለፈ፤ በጥሩ ውጤት አለፈ። ነገር ግን ያቺ ጥያቄ ቤቱ ድረስ ተከትላው ሄደች፤ እኛንም አልማረችን።

ከጽሑፉ ጀርባ አንድ ሰንጠረዥ አለ። በሰንጠረዡ ውስጥ −102.2 የምትል ቁጥር ተቀምጣለች። «ይቺ ከየት መጣች?» ብንለው፣ «ሶፍትዌሩ ውስጥ አለች፤ ሁሉም የሚጠቀመው እሷን ነው» አለን። ለጋዜጠኛ እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም። አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ትምህርት ቢኖር «ምንጭህ ማን ነው?» ማለትን ነው። ስለዚህ ምንጯን ፍለጋ ወጣን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንንገራችሁ።

ከምታውቁት እንጀምር። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው «ጧ፣ ጧ» ሲል ሰምቷል። ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ምስማሩ አልለቅህም ይለዋል፤ ሲታገሉ ይጮኻሉ። ሙቀት ዕቃን ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ጣሪያው ግን አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። አንድ ነገር በሙቀት እየተነዳ ሳያቋርጥ እንዲርገበገብ ከተፈለገ፣ ሙቀቱ በትክክለኛው ሰዓት እየመጣ በትክክለኛው ሰዓት መሄድ አለበት።

ይህ በ1829 በአጋጣሚ ታየ። አርተር ትሬቬልያን የተባለ እንግሊዛዊ በጋለ ብረት ዝፍት ሲቀባ ብረቱ ከልክ በላይ ይግልበታል። እስኪበርድ ብሎ በእርሳስ ቁራጭ ላይ ጋደም ቢያደርገው፣ ብረቱ በቀጭን ድምፅ መዝፈን ጀመረ። ታላቁ ማይክል ፋራዴይ በ1831 ለንደን ውስጥ ስለዚሁ ትምህርት ሰጥቶበታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የጋለው ብረት የነካው የእርሳሱ ቦታ ወዲያው ሞቆ ያብጥና ብረቱን ወደ ሌላው ጎኑ ይገፋዋል። እዚያም ያው ይደገማል፤ የመጀመሪያው ቦታ እስከዚያው በርዶ ይጠብቃል። እንዲህ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ፣ ብረቱ ሙቀቱ እስኪያልቅ ይዘፍናል። የጓደኛችን ዕቃ የሩቅ ቅድመ አያት ይህ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ይህ የነጂው ወገን ታሪክ ነው። የሰሚው ወገን የራሱ ታሪክ አለው፤ ቁጥራችን ያለችውም እዚያ ነው።

በ1856 ዊሊያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት፣ የብረትና የመዳብ ሽቦ ሲሳብ ኤሌክትሪክን አላሳልፍ ባይነቱ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ እንደሚጨምር ለሮያል ሶሳይቲ አስታወቁ። ለውጡ ጥቂት ነው፤ ሽቦው ከሺህ አንድ ቢረዝም ሬዚስታንሱ ከሺህ ሁለት ገደማ ቢጨምር ነው። ይህ ግኝት ሰማንያ ዓመት ያህል ብዙም ሥራ ሳይሠራ ኖረ። በ1938 ሁለት አሜሪካውያን፣ በካሊፎርኒያ ኤድዋርድ ሲመንስ፣ በማሳቹሴትስ አርተር ሩጅ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ቀጭን ሽቦ በዕቃ ላይ ለጥፈው ዕቃው ምን ያህል እንደተሳበ ከሽቦው ማንበብ ቻሉ። ሩጅ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምን እንደሚሆን በትንሽ ሞዴል ላይ እያጠና ነበር። የሚሠራበት ተቋም ነገሩ ገበያ ላይ ይህን ያህል የሚያመጣው ነገር የለም ብሎ መብቱን ለራሱ ተወለት። ዛሬ በየሱቁ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን የሚመዝነው በዚያው ዘዴ ነው። (ኮሚቴዎች በየትም አገር ኮሚቴዎች ናቸው።)

ከዚያ 1954 መጣና ቁጥራችን ተወለደች። ቻርለስ ስሚዝ ይባላል፤ ከክሊቭላንድ፣ ከኬዝ የቴክኖሎጂ ተቋም ወደ ቤል ላቦራቶሪ ለጊዜው የመጣ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ የጀርማኒየምና የሲሊከን ክሪስታል ሞልቷል። ስሚዝ ከክሪስታሉ ቀጭን ዘንግ እየቆረጠ ክብደት እያንጠለጠለበት ሬዚስታንሱን ለካ። ሥራው ይኸው ነው፤ ዘንግ፣ ክብደት፣ መለኪያ። ውጤቱን በዚያው ዓመት ሚያዝያ በ«ፊዚካል ሪቪው» አወጣው።

ጉድ የተባለው ሲሊከኑ ነው። በብረት ሽቦ ሬዚስታንሱ የሚለወጠው በአብዛኛው ሽቦው ስለረዘመና ስለቀጠነ ነው። በሲሊከን ግን ሌላ ነገር አለ። ክሪስታሉ ሲሳብ ኤሌክትሮኖቹ የሚሄዱባቸው መንገዶች እኩል መሆናቸው ይቀርና ብዙዎቹ ከባዱን ትተው ወደ ቀላሉ ይጎርፋሉ። ለውጡ ከብረቱ ከ50 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። የክሪስታሉ ዓይነትና አቅጣጫ ደግሞ ምልክቱን ይወስናል፤ በአንደኛው ሲሳብ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ በሌላኛው ይቀንሳል። የኛ −102.2 የሁለተኛው ናት። በአማርኛ ስንተረጉማት፣ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 100 ግራም ያህል ብታንጠለጥሉ ሬዚስታንሱ ከሺህ አንድ ያህል ይወርዳል እንደማለት ነው።

ጓደኛችን ይህን ስንነግረው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እኔ ስልሳ ምናምን ዓመት ቆይቼ የስሚዝን ክብደት አንጠልጥያለሁ በሉኛ» አለ። አዎ፣ በሌላ ሰው እጅ።

አሁን ነጂውና ሰሚው የተገናኙበትን ጊዜ እንይ። 1960ዎቹ ናቸው። ትራንዚስተሩም ሬዚስተሩም በአንዲት የሲሊከን ቁራጭ ላይ እየተቀረጹ መውጣት ጀምረዋል። አንድ ነገር ግን አልሆን አለ፤ ጥምጥም ሽቦ። ሬዲዮ ከብዙ ጣቢያ አንዱን የሚመርጠው በጥምጥምና በካፓሲተር ነው፤ ጥሩ ጥምጥም ደግሞ በሲሊከን ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ አይሠራም። ታዲያ መሐንዲሶቹ ወደ ጥንቱ ተመለሱ። ክራር ቃኝታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ክር የሚመልሰው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው። እንደዚያ የራሱን ድምፅ ብቻ የሚመርጥ መካኒካል ነገር ሲሊከኑ ላይ ቢቀመጥ የጥምጥሙን ሥራ ይሠራል አሉ።

ፒትስበርግ ላይ፣ በዌስቲንግሃውስ የምርምር ማዕከል፣ ሃርቪ ናታንሰን ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1965 ትራንዚስተር ላይ የወርቅ ዘንግ አንጠልጥሎ በኤሌክትሪክ ስበት አርገበገበው። ሰፊው ጽሑፍ በ1967 ወጣ። የጥቃቅን ማሽኖች ታሪክ ሲጻፍ ሁሉም ከዚህ ይጀምራል። ወርቅ መምረጣቸው ግን ጎዳቸው፤ ብረት ሲመላለስ ይደክማል፣ በሙቀትና በቅዝቃዜም ቃናው ይዛነፋል።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ብዙዎች ዘለውት ያልፋሉ፤ እኛ ግን ቆም እንላለን፤ የጓደኛችን ዕቃ በሙሉ አካሉ የተወለደው እዚህ ነው። ጥር 1968 የአይቢኤም የምርምር መጽሔት አምስት ገጽ ያህል ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ዊልፊንገር፣ ባርዴልና ቻብራ ናቸው። የዕቃውን ስም «ሬዞኒስተር» አሉት። በአንድ ጫፉ የተያዘ የሲሊከን ምላስ ነው። ምላሱ ላይ የተቀረጸች ሬዚስተር ኤሌክትሪክ ሲገባባት ትግላለች፤ በዚያ በኩል ያለው ሲሊከን ይለጠጣል፣ ምላሱ ይጎብጣል። ሙቀቱ ሲመላለስ መጉበጡም ይመላለሳል። ምላሱ ላይ ያሉ ሌሎች ሬዚስተሮች ደግሞ፣ ስሚዝ እንዳገኘው፣ ሲጎብጡ ሬዚስታንሳቸው ይለወጣል። መንጃው ሬዚስተር፣ መስሚያው ሬዚስተር፤ ወርቅ የለ፣ ሌላ ማዕድን የለ። ከዚህ የቀለለ ነገር ማሰብ ይቸግራል።

አንድ ተንኮል አለው፤ ጓደኛችንን ሁለት ሳምንት ያባከነውም እሱ ነው። ሙቀት ምልክት አያውቅም። ኤሌክትሪኩ ወደ ግራ ቢሄድም ወደ ቀኝ ቢሄድም ሬዚስተሩ ይግላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ቢመላለስ ሙቀቱ ሁለት ሺህ ጊዜ ይመላለሳል። መፍትሔው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ ከሥሩ መደረብ ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ እጥፍ ይሰጠኛል» እያለ ሲያማርር ነበር። ኮምፒውተሩ ልክ ነበር።

ሬዞኒስተር እንዲህ ካማረ ለምን ቀረ? ያኔ ሰው ሁሉ ስለ ሙቀት የሚያውቀውን ስለሚያውቅ ነው። ሙቀት ሰነፍ ነው። ለመምጣት ይዘገያል፣ ለመሄድ ይዘገያል፣ ኃይል ይበላል። የሬዲዮ ሥራ ደግሞ በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ መርገብገብ ይጠይቃል። ያን ያህል የሚሞቅና የሚበርድ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? ባለሙያዎቹ ለፍጥነት ወደ ኤሌክትሪክ ስበትና ወደ ኳርትዝ ሄዱ። በ1982 የአይቢኤሙ ከርት ፒተርሰን ሲሊከን ለኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን እንደ ብረት ለመካኒክም የሚሆን ቁስ መሆኑን በሰፊ ጽሑፍ ሲያስረዳ መስኩ ነፍስ ዘራ። በሙቀት መንዳት ግን ለረጅም ጊዜ የዝግተኞች ሥራ ተደርጎ ነው የታየው። በዙሪክ የሄንሪ ባልቴስ ቡድን አልተወውም፤ በ2001 «ኔቸር» ላይ ባወጡት የጋዝ መለያ ቺፕ ላይ በሙቀት የምትነዳ፣ በፒየዞሬዚስተር የምትሰማ ምላስ ነበረች። ምላሷ የተቀባችው ፖሊመር የጋዙን ሽታ ሲመጥ ትከብዳለች፣ ስትከብድ ቃናዋ ይወርዳል።

«ሙቀት ሰነፍ ነው» የሚለውን ግን እስኪ ወደ ማድ ቤት ወስደን እንየው። የእንጀራ ምጣድ እስኪግል ጎረቤት ቡና ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። የቡና መቁያዋ ግን እሳት ላይ ከማረፏ ትግላለች። ሁለቱም ያው ሙቀት ናቸው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ልዩነቱ ደግሞ እኛ ከምንገምተው በላይ ነው። ሙቀት አንድን ነገር አቋርጦ ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ስኩዌር ይለካል። ዕቃውን በሁሉም በኩል አሥር ጊዜ ብታሳንሱት ሙቀቱ መቶ ጊዜ ይፈጥናል። ንዝረቱስ? እሱ የሚፈጥነው አሥር ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ አሳንሱት፣ አሁንም አሳንሱት። በትልቅነት ዘመን ኋላ የቀረው ሙቀት ትንሽነት ላይ ሲደርስ ንዝረቱን ይቀድመዋል። በ1968 የቀረበው ክስ ለዚያ ዘመን ምላስ እውነት ነበር። ስህተቱ ለሁልጊዜው አድርጎ መውሰድ ነው።

ይህን በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ራሃፍሩዝና ፑርካማሊ በ2010ና በ2011 ባወጧቸው ሥራዎች በተግባር አሳዩት፤ በሙቀት የሚነዱ የሲሊከን ንዝረተኞች በሴኮንድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ርግብግብታ ደረሱ። አየር ላይ ያለን ደቃቅ ብናኝ ለመመዘንም ተሞክረዋል።

ከሁሉም የገረመን ግን የሚቀጥለው ነው። ያቺ የመቀነስ ምልክት፣ ከ102.2 በፊት ያለችው፣ አንድ ጉድ ትሠራለች። በቀጭን የሲሊከን ዘንግ ውስጥ የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ አሳልፉ። ዘንጉ በአጋጣሚ ትንሽ ቢሳብ፣ በመቀነሷ ምክንያት ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ ሬዚስታንሱ ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሲበርድ ይኮማተራል። ሲኮማተር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ይሞቃል፣ ይለጠጣል። ሙቀቱ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ግፊቱ ልክ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን ከኋላ እንደሚገፋ ሰው ይሆናል። ማንም ሳያርገበግበው ዘንጉ ይርገበገባል። ስንፍና ያሉት መዘግየት ሥራውን የሚሠራው ራሱ ሆነ። በኔዘርላንድስ፣ በኤንኤክስፒ ኩባንያ፣ ፒተር ስቴኔከንና ባልደረቦቹ በ2011 «ኔቸር ፊዚክስ» ላይ ይህን የሙቀት ሞተር ነው ብለው አቀረቡት። የሞተሯ ዘንግ ይዘት 0.34 ኪዩቢክ ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ትሬቬልያን ዝፍት ሲቀባ የሰማው ዘፈን ይኸው እዚህ ደረሰ።

ወደ ፈታኙ ጥያቄ እንመለስ። ሲሙሌሽኑም ከሰማይ አልወረደም። ዕቃን በሐሳብ ወደ ብዙ ጥቃቅን ቁራጮች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቀላል ስሌት መጻፍ በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ ለአውሮፕላን ክንፍ ብለው ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ የዛሬ ስሙን ክላፍ በ1960 አወጣለት። የኤሌክትሪክ ሰርኪውትን በኮምፒውተር መሞከሪያው ስፓይስ በ1973 ከበርክሊ ወጣ። ለጥቃቅን ማሽኖች ሁሉን አንድ ላይ ለማስላት በኤምአይቲ የስቲቨን ሴንቱሪያ ቡድን ሥራ በ1992 ታተመ። ለኛ ዓይነቱ ዕቃ ችግሩ ክብ መሆኑ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሙቀቱን ይወልዳል፣ ሙቀቱ መለጠጡን፣ መለጠጡ ሬዚስታንሱን፣ ሬዚስታንሱ ተመልሶ ኤሌክትሪኩን ይለውጣል። ከየት ትጀምራለህ? ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ በትንሽ በትንሽ ጊዜ ይራመዳል።

እኛ መጀመሪያ ጓደኛችንን ልንከላከል ነበር አሳባችን። «ዕቃውማ ስሚዝ ያንጠለጠለው ዘንግ ነው፤ ቁጥሯ ውስጥ አለ» ልንል። ይህን ጽፈን ልንጨርስ ስንል አንድ ነገር ቆረቆረን። ስሚዝ የለካው የትኛውን ሲሊከን ነው? ብንፈልግ ብዙም ባዕድ ያልገባበት፣ በተራ ክፍል ሙቀት ያለ ሲሊከን ነው። የጓደኛችን ዘንግ ግን ኤሌክትሪክ እንደልብ እንዲያልፍበት ፎስፈረስ በብዛት የተጨመረበት ነው፤ በዚያ ላይ ይግላል። ለዚህ ለዚህማ በ1982 ካንዳ የተባለው ጃፓናዊ ተመራማሪ ሰንጠረዥና ግራፍ አዘጋጅቷል፤ ባዕዱና ሙቀቱ ሲጨምሩ የስሚዝ ቁጥር በምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ። ብዙ ፎስፈረስ ባለበት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ጓደኛችን ይህን አላስገባም። ሶፍትዌሩም አልጠየቀው።

ስልክ ደወልንለት። ደስ አላለውም፤ ዲግሪውን የወሰደ ሰው እንዲህ ያለ ስልክ አይወድም። ሆኖም በማግስቱ ማታ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ቁጥሯን ለሙከራ ግማሽ አድርጎ ፋይሉን እንደገና አስነሳው። ሻይ ፈልቶ ተጠጣ፤ መብራት አንዴ ሄዶ መጣ። በበፊቱ ኤሌክትሪክ ዘንጉ ጥቂት ተወራጭቶ ሞተ፤ መስመሩ እየጠበበ ሄዶ ቀጥ አለ። ኤሌክትሪኩን ጨመረ፣ አሁንም ሞተ። 1.4 እጥፍ ገደማ ሲያደርሰው መስመሩ ቀስ እያለ መስፋት ጀመረ።

«ሰውዬው ይህን ነበር መጠየቅ የነበረባቸው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። ከዚያ ፋይሉን በአዲስ ስም አስቀመጠና ሁለተኛ ሻይ ጠየቀን።